ከእሁዱ ኳስ በፊት ያሉት ቀናት

የተከበራችሁ የጤና ቡድን አባላት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ለአዲሱ የውድድር ዘመን አደረሳችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ስፖርት ጥቅም እንድናገር ነው። ጥቅሙንማ ባታውቁት ኖሮ እሁድ በ12 ሰዓት ከሞቀ አልጋችሁ ባልተነሣችሁ። ስለዚህ የመጣሁበትን ልናገር፦ እዚህ ሐዋሳ ብዙ ሰው ሜዳ ላይ የሚጎዳው ኳስ ስለተጫወተ ሳይሆን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተቀምጦ እሁድ ብቻ ስለሚጫወት ነው።

ስድስት ቀን ከወንበር ወይም ከባጃጅ ያልወረደ የ40 ዓመት ጎልማሳ ማልያውን ለብሶ ይመጣል። እግሩን ሁለቴ ያወዛውዛል፣ ኳሷን ከሩቅ ወደ ጎል ይለጋል፣ «በቃ አሟሙቄያለሁ» ይላል። በአምስተኛው ደቂቃ ረጅም ኳስ ተከትሎ ይፈተለካል። ቋንጃ ከጭን ጀርባ ያለ፣ ወደፊት የተወረወረውን እግር እየተሳበ የሚገታ ጡንቻ ነው፤ ለዚያ ፍጥነት ካልተዘጋጀ እዚያው ይሰነጠቃል። ሌላው ለመሮጥ መሬቱን ሲገፋ የተረከዙ ጅማት ይበጠሳል። ከኋላ የተመታ መስሎት ዞሮ ያያል፤ ማንም የለም።

ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላል፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ትንፋሹ ስለቻለ ብቻ እግሩም የቻለ የሚመስለው ሰው የሚጎዳው ለዚህ ነው።

«እሁድ ላቤን ካወጣሁ ይበቃኛል» የምትሉ፣ አይበቃችሁም! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል። ላብ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው። ላስቲክ ለብሶ መሮጥም የሚያስወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ስትጠጡ ይመለሳል።

ማክሰኞና ሐሙስ ፍቅር ሐይቅ ዳር 30 ደቂቃ ስጡ። አምስት ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቃችሁ ሰባት ጊዜ፤ ቀሪውን ቀስ ብላችሁ ጨርሱ። እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። በየሳምንቱ ሶምሶማውን ግማሽ ደቂቃ ጨምሩ። ታቦር ተራራ ከወር በኋላ ይድረስ፤ ጭን የሚያሳምመው ደግሞ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው።

ከሶምሶማው በኋላ 10 ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ 12 ጊዜ ተረከዝ ማንሳት፤ ሁለቱም ሦስት ዙር። ስኳት ስትሠሩ ተረከዝ ከመሬት አይነሣ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ አይታጠፍ። ተረከዝ ሲወርድ በሦስት ሴኮንድ ይውረድ፤ ጅማቱን የሚያጠነክረው ይሄ ቀስታ ነው።

እሁድ ደግሞ 15 ደቂቃ ማሟሟቂያ፦ ቀላል ሩጫ፣ ጉልበት ማንሳት፣ ወደ ጎን መንሸራተት፣ በመጨረሻ ከግማሽ ፍጥነት እየጨመሩ 20 ሜትር አራት ጊዜ። ቆሞ ጡንቻን መሳሳቡ ከጨዋታ በኋላ ይሁን።

ወለምታ ሲደርስ ደግሞ እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ! ትኩስ ወለምታ አይታሽም! ሲታሽ እብጠቱ ይብሳል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ፣ ፋሻ፣ እግርን ከፍ ማድረግ። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን ራጅ ወዳለበት ይወሰድ። ደረቱን የጨመደደው ሰው ካለ ጨዋታው ይቁም፣ ሰውየው ቶሎ ሆስፒታል ይድረስ።

የቡድን መሪዎችን አንድ ነገር ልለምን፦ ማሟሟቂያው ሳያልቅ ኳስ ከከረጢት አይውጣ። ዘግይቶ የመጣም፣ አስተባባሪ ቢሆንም እንኳ፣ ሩብ ሰዓቱን ለብቻው ሳይሠራ አይግባ።

አመሰግናለሁ።