ኤፒአያችሁ «ይሄ ያንተ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል? በተርሚናል እንፈትሸው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ኤፒአይ፣ ማለትም አፑ ከሰርቨሩ ዳታ የሚጠይቅበትን በር፣ እንፈትሻለን፣ በተለይ ግራፍኪውኤል የሚባለውን፣ መሳሪያችን ተርሚናል ብቻ ነው፣ ጥያቄ የሚልከው ከርልና መልሱን ለይቶ የሚያሳየን ጄኪው፣ በቃ። ሲስተሙን ለዚህ ቪዲዮ ብዬ ላፕቶፔ ላይ ነው የሰራሁት፦ እንደኛ ኮዬ ፈጬ ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነዋሪው የጥበቃና የውሃ ፓምፕ መዋጮ የሚከፍልበት አፕ፣ ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ የቤት ቁጥር አለ፣ ማን የስንት ወር ውዝፍ እንዳለበትም አለ። ሁሉም እዚሁ ማሽን ውስጥ ስለሚሰራ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሰራል፣ ፓኬጅም አይበላም፣ ስለዚህ ከከተማ ዳር ነን ኢንተርኔቱ አይመችም ብላችሁ እንዳትተዉት።

አንድ ነገር ልበል መጀመሪያ። የሰው ሲስተም ላይ ያለ ፈቃድ ይሄን እንዳትሞክሩ፣ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፣ «ልረዳቸው ብዬ ነው» ማለት አያድናችሁም። ወይ የራሳችሁ ይሁን ወይ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ።

[ስክሪን፦ ተርሚናል]

ግራፍኪውኤልን ፌስቡክ በ2012 እ.ኤ.አ. ለራሱ ሰርቶ በ2015 ለሁሉም ክፍት አደረገው። ሬስት እንደሚባለው እንደ ሌላው የተለመደ የኤፒአይ አሰራር ለእያንዳንዱ ነገር የተለየ አድራሻ የለውም፣ አድራሻው አንድ ነው፣ የምትፈልጉትን ኩዌሪ፣ ማለትም ጥያቄ፣ ጽፋችሁ ትልካላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ «ምን ምን አለህ?» ብለን እንጠይቀው፣ ኢንትሮስፔክሽን ይባላል። ከርልን ፖስት አድርገን ላክን፣ መልሱን በጄኪው አየነው፣ ይኸው፣ አፑ ላይ ምንም በተን የሌለው «ሁሉም ነዋሪዎች» የሚል ኩዌሪ ቁጭ ብሏል። ኢንትሮስፔክሽንን ፕሮዳክሽን ላይ፣ ሰው በሚጠቀምበት ሲስተም ላይ፣ መዝጋት ጥሩ ነው፣ ግን መዝጋቱን ብቻ ተማምናችሁ እንዳትተኙ፣ ብዙ ሰርቨር ስም ተሳስታችሁ ስትልኩ «ይሄን ማለትህ ነው?» ብሎ ትክክለኛውን ስም ራሱ ይነግራችኋል፣ ክሌርቮያንስ የሚባል ቱል ስኪማውን፣ ማለትም ኤፒአዩ ያለውን ሁሉ ዝርዝር፣ የሚሰበስበው በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ግራፍኪውኤል ብዙ ጊዜ ቢከለክላችሁም ስታተስ ኮዱ 200 ነው፣ «ተሳክቷል» ማለት ነው፣ ክልከላው ያለው ጄሰኑ፣ ማለትም የመጣው የመልስ ጽሑፍ፣ ውስጥ ኤረርስ የሚለው ጋ ነው። ኮዱን ብቻ የሚያይ ስክሪፕት ከጻፋችሁ የተከለከለውም ያለፈውም አንድ ይሆንባችኋል። ሁሌ ሙሉ መልሱን ፋይል ላይ አስቀምጡት።

አሁን ዋናው። ሁለት አካውንት ከፈትኩ፣ አንዱ ብሎክ 14 አንዱ ብሎክ 22፣ የሁለቱንም ቶክን ያዝኩ። ቶክን ማለት የግቢው ጥበቃ መታወቂያ አይቶ ማስገባቱ ነው፣ ከገባችሁ በኋላ የማንን በር እንደምትከፍቱ ግን እሱ አያይም። በብሎክ 14 ቶክን የብሎክ 22ን ነዋሪ አይዲ ልጠይቅ... መጣ። ስም፣ ስልክ፣ ውዝፍ፣ ሁሉም። ኦዋስፕ የሚባለው የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅት በ2019ም በ2023ም እ.ኤ.አ. ባወጣው የኤፒአይ ስጋቶች ዝርዝር አንደኛ ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ነው፣ ለመበዝበዝ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው የሚፈልገው። «አይዲውን ረጅምና የማይገመት አደርገዋለሁ» የምትሉ አላችሁ፣ አይዲ በደረሰኝ ሊንክ በሎግ በሌላ ኩዌሪ ይወጣል፣ መደበቅ ፈቃድን አይተካም።

ኦቲፒ፣ በስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ኮድ፣ ያለበት አፕ ከሆነ ደግሞ ኤሊያስን ፈትሹ፣ ኤሊያስ ማለት አንዱን ጥያቄ በተለያየ ስም አንድ ሪኩዌስት ውስጥ ደጋግሞ መላክ ነው። አራት ዲጂት ኮድ 10,000 አማራጭ ነው ያለው። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ሪኩዌስት ብቻ ከሆነ፣ አንድ ሪኩዌስት ውስጥ በተለያየ ኤሊያስ 100 ግምት ጠቅጥቆ የላከ ሰው በ100 ሪኩዌስት ሁሉንም ይጨርሳል፣ ያሰራችሁት ሬት ሊሚት፣ የሪኩዌስት ብዛት ገደቡ፣ ምንም አላየም ማለት ነው። መቆጠር ያለበት በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ የተሞከረው ሙከራ ነው። የኩዌሪ ጥልቀትም ገደብ ይደረግበት፣ ነዋሪ ብሎክ ነዋሪ ብሎክ እያለ የሚወርድ ኩዌሪ ሰርቨሩን ያንቀዋል።

[ስክሪን፦ ኮድ፣ ከዛ ተርሚናል]

እስቲ እናስተካክለው። «ነዋሪ በአይዲ» የሚለው ሪዞልቨር፣ ማለትም ለኩዌሪው መልስ የሚያመጣው ኮድ፣ ላይ «ያንተ ነው ወይ?» የሚል ቼክ ጨመርኩ፣ ድጋሚ ላስኪደው፣ ዳታው ነል ነው፣ ባዶ ማለት ነው፣ ኤረር አለ፣ ጥሩ። ግን በዚህ እንዳትቆሙ። አሁን በጎን ልግባ፦ የኔ ክፍያ፣ ከክፍያው ሰብሳቢው ኮሚቴ፣ ከኮሚቴው ብሎኮቹ፣ ከብሎኮቹ ነዋሪዎቹ... ይኸው ያ የከለከልነው ስልክ ቁጥር በሌላ መንገድ መጣ። ዋናው በር ላይ ብቻ ቼክ ማድረግ እዚህ አይሰራም፣ ወደ አንድ ዳታ የሚወስደው መንገድ ብዙ ነው። ስለዚህ ቼኩን ከሪዞልቨሩ አውጥቼ ዳታቤዙን የሚያነበው ፋንክሽን ውስጥ ከተትኩት፣ በየትም ቢመጣ እዛ ያልፋል። ሁለቱንም ኩዌሪ በሁለቱም ቶክን አስኪጄ አራቱን መልስ ልዩነት በሚያሳየው ዲፍ በሚባል ትእዛዝ አወዳደርኳቸው፣ አሁን ብሎክ 14 የሚያየው የራሱን ብቻ ነው። ይቺን ሙከራ ስክሪፕት አድርጋችሁ አዲስ ኮድ ፑሽ በተደረገ (በተላከ) ቁጥር እንድትሮጥ አድርጓት፣ አዲስ ፊልድ የጨመረ ሰው ኩዌሪውን እዚህም ይጨምር፣ ቼኩን ከዘለለ ያኔውኑ ቀይ ይላል።