ወንዙ ሲደፈርስ ወደ ሐይቅ፦ የስፕሪንግ ፍላይ ፊሺንግ ለተራራ ወንዝና ለሐይቅ

እሺ፣ እንዴት ናችሁ ቤተሰብ! ዛሬም ከደሴ ነኝ፣ ከኋላዬ ያለው ጦሳ ነው፣ አይታይም አውቃለሁ፣ በልግ ነው፣ ጭጋጉን ምን ላድርገው። ካለፈው ቪዲዮ በኋላ አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል፣ አብዛኛው ደግሞ ከዴንቨር፣ አሜሪካ ኮሎራዶ፣ ሮኪ ተራሮች ስር ካለችው ከተማ ነው የሚመጣው፣ ዴንቨር ያላችሁ ወሎዬዎች ስንት ናችሁ ግን? ጥያቄው "ስፕሪንግ ገባ፣ ተራራ ወጥተን ትራውት እናጥምድ ወይስ እንቆይ?" ነው። ለአዲሶች፣ ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው፣ ፍላይ ፊሺንግ ደግሞ ነፍሳት መስሎ በተሠራ ዝንብ ማጥመድ ነው። መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ግን ሰምታችሁ ውልቅ እንዳትሉ፦ ወሩን አትዩት፣ ውሃውን እዩት። ወንዙ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዝ፣ ሲደፈርስ ሐይቅ።

እዚህ እኛ ጋ በመጋቢት በሚያዝያ ቦርከና ከደፈረሰ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ላይ ዘነበ፣ ታች መጣ። ሮኪ ተራሮች ላይ ግን ጠብታ ዝናብ ሳይኖር፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ይሞላል። ምክንያቱም ብርዱን ሙሉ ሲከመር የከረመው በረዶ ነው የሚቀልጠው። ቀን ይቀልጣል፣ ውሃው ተንደርድሮ እስኪደርስ ደግሞ ይመሻል፣ ስለዚህ የጠዋቱ ወንዝና የማታው ወንዝ አንድ አይደለም፣ ይሄን ያዙልኝ፣ አንድ አይደለም። ኮሎራዶ ላይ ዋናው ሙላት አብዛኛውን ጊዜ ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ማርችና ኤፕሪል፣ ውሃው ዝቅ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ግን አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ ነው።

እና ዓሣው እዚህ ውሃ ውስጥ የት ነው ያለው? እዚች ጋ ታገሱኝ፣ የምወዳት ምሳሌ አለችኝ።

ሰርግ ቤት ግቡ። ዳስ ተጥሏል፣ ሰው ጢም ብሏል። ብልጡ እንግዳ የት ነው የሚቀመጠው? መሃል መተላለፊያው ላይ አይቆምም፣ ይገፉታል። ጥግ ሄዶም አይደበቅም፣ ጥግ ላይ ወጥ አይደርስም። አሳላፊው ከጓዳ ሲወጣ የሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ እጁን ዘርጋ ቢያደርግ የሚደርስበት ቦታ ላይ ቂብ ይላል። ትራውት ማለት ይሄ ሰውዬ ነው! ፈጣኑ ውሃ የአሳላፊው መንገድ ነው፣ ዝግ ያለው ውሃ ወንበሩ ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ከድንጋዩ ጀርባ፣ እዚያ ነው ያለው። አሁን ሰውዬው በርዶታል በሉ። ጋቢውን ተከናንቧል። ከክንድ በላይ ለራቀ ሳህን አይነሳም። ውሃው 5 ዲግሪ ሲሆን ትራውት እንደሱ ነው፣ አፍንጫው ስር ካላመጣህለት ንቅንቅ አይልም። ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ጋቢውን ጣል አድርጎ ራሱ አሳላፊውን መከተል ይጀምራል። ከዛስ? ከዛ መብራት ጠፋ! ለኛ አዲስ አይደለም መቼም። ወጡ አለ፣ አሳላፊው አለ፣ ግን ማን ያያል? ድፍርስ ውሃ ማለት ያ ነው፣ ምግብ ጠፍቶ አይደለም፣ እንደውም ሙላቱ ትሉን ምናምኑን ጠርጎ ያመጣል። በዛ ላይ ሙሽራው ከነሚዜው ግር ብሎ ሲገባ ሰውዬአችን ወዴት ይሄዳል? ዳር ይለጠፋል። ስለዚህ ወንዙ ሲሞላ መሃል መሃሉን አትወርውሩ፣ ዳር ዳሩን ነው፣ እግራችሁ ስር። ስንቱ ሰው ዓሣው ያለበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው ዓሣ የሚፈልገው። እህቴ ይቺን ምሳሌ ሰምታ "ራስህን ነው እንዴ የምታወራው?" ብላኛለች፣ አልመለስኩላትም።

ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ ዘንግና ክሩን ታውቁታላችሁ። ማርች ላይ ኒምፍ፣ ማለትም ገና ውሃ ውስጥ ያለ የነፍሳት ልጅ የሚመስል ዝንብ፣ ወለሉን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ትንንሽ ሚጅ፣ ትንኝ መሳይ፣ መንጠቆው 20 እና 22 ቁጥር፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ደመናማ ቀን ከሰዓት ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ የሚባለው ነፍሳት ይወጣል፣ ያኔ ድራይ ፍላይ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ዝንብ። ኤፕሪል መጨረሻ ገደማ አርካንሳስ ወንዝ ላይ ካዲስ የሚባለው ነፍሳት ይፈላል። ሲደፈርስ ትልቅ ጥቁር ስትሪመር፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስለው ዝንብ፣ ወፈር ባለ ቲፔት፣ ዝንቡ የሚታሰርበት የክሩ ጫፍ። ቴርሞሜትር ያዙ። ሬይንቦውና ከትስሮት የሚባሉት ትራውቶች እንቁላል የሚጥሉት በስፕሪንግ ስለሆነ ወለሉ ላይ ጠጠሩ ተጠርጎ ነጣ ያለ ቦታ ካያችሁ አትርገጡት፣ በአላህ፣ አትርገጡት። ፈቃድ ደግሞ 16 ዓመት ለሞላው ሁሉ ግዴታ ነው፣ የኮሎራዶው ዓመታዊ ፈቃድ ከማርች 1 እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ነው የሚሠራው፣ ቁጠሩት፣ 13 ወር! ሰዎቹ የኛን ካላንደር ነው የሚጠቀሙት።

እሺ አሁን ወደ ሐይቁ ልሄድ ነበር ግን ያ ኮመንት አላስኬደኝም። "ደሴም ብርድ ነው ባሌም ብርድ ነው፣ የባሌን ትራውት አምጥተን ቦርከና ብንለቀውስ?" ይላል፣ ሰዉም ላይክ በላይክ አድርጎታል። አብሽሩ፣ አልቆጣም። ባሌ ትራውት አለ፣ እውነት ነው፣ ዌብ ወንዝ ላይ ዲንሾ አካባቢ፣ ሬይንቦውም ብራውንም፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ግን ዲንሾ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ፣ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ለኛ ማታ ማታ በረደን ማለት ውሃው ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው ማለት አይደለም! በጋ ላይ ቦርከናን እዩት፣ ቅጥን ብሎ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ትራውት 20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ 25 አካባቢ ይሞታል። ነገሩ ኦክስጅን ነው፣ 0 ዲግሪ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 14.6 ሚሊግራም ይይዛል፣ 20 ዲግሪ ላይ 9 ገደማ፣ ያውም ይሄ ባሕር ጠለል ላይ ነው፣ ከፍታው ሲጨምር ከዚህም ያንሳል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በታች ያለውን ውሃ ደግሞ ያየ ሰው ትራውት ልልቀቅ አይልም። ቢኖርልንስ? ትራውት ትንንሽ ዓሣ ይበላል፣ የወንዙን የራሱን ዓሣ ማን ይጠይቅለታል? "ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ተለቆ የለ እንዴ" ትሉኛላችሁ፣ ስሙ ራሱ ሐይቅ የሆነውን የኛን የወሎውን ማለታችሁ ነው፣ አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተለቋል፣ ግን እኔና አንተ በጀሪካን ይዘን ሄደን የምንሠራው ሥራ አይደለም። በቃ፣ ይሄ ኮመንት ተዘጋ።

ሐይቅ! ዴንቨሮች፣ ወንዙ ሲሞላባችሁ ኢለቨን ማይል የሚባለው የግድብ ሐይቅ ሂዱ፣ በረዶው አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል ላይ ይለቃል። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው፣ ስለዚህ በረዶው ሲለቅ ላዩ ወደ 4 እየሞቀ ይሰምጣል፣ ነፋሱ ያማስለዋል፣ ኦክስጅን እስከ ታች ይደርሳል፣ ዓሣውም ቀድሞ የሚሞቀውን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ይዞ ይበላል። ጀልባ አያስፈልግም፣ ከዳር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያሉት ሐይቆች ግን እስከ ጁን በረዶ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። የግድ ወንዝ የሚል ካለ ከግድብ ስር ይሂድ፣ ሳውዝ ፕላት ላይ ከቺዝማን ግድብ በታች፣ ድፍርሱ ግድቡ ውስጥ ስለሚዘቅጥ ሌላው ሲቆሽሽ እሱ ጠራ ብሎ ይቆያል።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ፣ የኛው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በረዶ የለው ምን የለው። በልግ ሲዘንብ ከአርዲቦ፣ ከላይ ካለው ሌላ ሐይቅ፣ የሚወርደው ጅረት የሚገባበት በኩል ስለሚደፈርስ ከዚያ ራቅ በሉ። ቆሮሶ ግን በአብዛኛው አልጌ ነው የሚበላው፣ በፍላይ ትዕግሥታችሁን ይፈትናል፣ አምባዛ ይሻላል፣ ሲመሻሽ፣ በትልቅ ስትሪመር።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ እንጂ፣ በነፃ ነው! በሚቀጥለው ቪዲዮ ከደሴ ገበያ በተገዛ የአውራ ዶሮ ላባ ዝንብ እንሠራለን፣ ዶሮውን ማን እንደሚበላው ኮመንት ላይ ተስማሙ።