ደሙ መቼ ነው የሚያርፈው?

እሺ፣ ቀረጻው ጀምሯል። ሙቀቱ ስለከበደኝ መስኮቱን አልዘጋሁም። የአራት ኪሎ ረዳቶች «መገናኛ፣ መገናኛ» ሲሉ ብትሰሙ አትገረሙ።

በጡት ካንሰር ታማ ስላስታመምኳት እቴቴ ነው የማወራው። ታውቋታላችሁ። ያቺን ሌሊት ግን ነግሬያችሁ አላውቅም።

መብራት ሄዷል። ስልኬን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ በሱ ብርሃን ፋሻዋን እቀይራለሁ። ጡቷ ላይ ያለው ዕጢ ቆዳውን ሰብሮ ከወጣ ሰንብቷል። ፋሻው ተጣብቋል። ለብ ባለ ውሃ አረጠብኩት። ቀስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ ሳብኩት። ከጠርዙ በኩል ደም ብቅ አለ። ብዙ አይደለም። ቀጭን ነው፣ ግን አይቆምም። ተጫንኩት። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ተጫንኩት። እቴቴ ጣሪያውን እያየች፣ «ልጄ፣ ይሄ ደም መቼ ነው የሚያርፈው?» አለችኝ።

«ነገ ይቆማል» አልኳት።

ነገ! ከየት አምጥቼ ነው ነገ ያልኩት?

ባለፈው ሳምንት ስለ ኤሌክትሮኬሞቴራፒ፣ በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ የካንሰር ሕክምና፣ ሳነብ አመሸሁ። ኬሞውን፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱን፣ በደም ስር ወይም እዚያው ዕጢው ውስጥ ይሰጣሉ። ከዚያ በኤሌክትሮድ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ይለቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ 8 ምት ነው፣ እያንዳንዱ የሰከንድ 10,000ኛ ያህል። የሴሉ ሽፋን ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል። ብሊዮማይሲን በራሱ ሴል ውስጥ መግባት የሚቸገር መድኃኒት ነው፤ በሩ ሲከፈትለት ግን ጉልበቱ ሌላ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሰው ላይ ሞክረው ውጤቱን ያሳወቁት በፈረንጆቹ 1991 ነው። ስንት ዘመን!

እኔን ቀጥ ያደረገኝ ግን የደም ስሮቹ ነገር ነው። ምቱ ሲያርፍ ዕጢውን የሚመግቡት ትንንሽ ደም ስሮች ወዲያው ኩምትር ይላሉ። ደሙ መፍሰሱ ይቀንሳል፣ መድኃኒቱም እዚያው ታግቶ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ የደም ስር መቆለፍ ነው የሚሉት። ጤናማው ሥጋ ላይ ቶሎ ይለቃል፤ ዕጢው ላይ ግን ይቆያል። ቀጥሎ ደግሞ ደም ስሩን ከውስጥ የሸፈኑት ሴሎች ራሳቸው መድኃኒቱን ወስደው ይሞታሉ። መንገዱ ይዘጋል። ከወዲያ ያሉት የካንሰር ሴሎች የሚበሉት ያጣሉ። ለዚህ ነው የሚደማ የቆዳ ዕጢ ላይ ደም ለማቆም የሚጠቀሙበት።

ደም ለማቆም። እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። ተነስቼ ዕቃ አጠብኩ። የታጠበ ዕቃ።

ደግሞ በዚሁ ሕክምና የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ሲስፕላቲን። ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ኤሌክትሪክ ባክቴሪያን ምን እንደሚያደርግ ሊያይ ነበር። ባክቴሪያዎቹ መራባት አቁመው እንደ ክር ረዘሙ። ሲጣራ ሥራው የኤሌክትሪኩ አልነበረም፣ ከፕላቲነም ኤሌክትሮዶቹ የወጣው ነገር ነበር። በፈረንጆቹ 1965 ላይ አሳተመው። በኤሌክትሪክ ሰበብ የተገኘ መድኃኒት ዞሮ ዞሮ ከኤሌክትሪክ ጋር ተገናኘ። እቴቴ ይሄን ብትሰማ ደስ ይላት ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ትወድ ነበር።

እና ምን ልል ነው? ያድናት ነበር አልልም። በሽታው ሳንባዋ ድረስ ሄዷል። ምናልባት ያቺ ቁስል ብቻ ትደርቅ ነበር። ምናልባት በንጹህ ነጠላ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደርሳ ትመለስ ነበር። ብቻ... እኔ እንጃ። ዋሽቻታለሁ ማለት ነው? ሌላ ምን ልበላት?

ሊነጋ ሲል ፋሻውን ላየው እጄን ዘረጋሁ። እጇን ደረቷ ላይ አኖረችና፣ «ተይው፣ ነገ ብለሽኝ የለ» አለችኝ።

ፈገግ ብላ ይሆን? መብራቱ ገና አልመጣም ነበር። ፊቷን በደንብ አላየሁትም።