የርብ ደለል በበጋ ይጠረግ
(ወረታ ላይ ለክረምት ዝግጅት ምክክር የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የፎገራና የሊቦ ከምከም አባቶችና እናቶች፣ ከዞንና ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶች፣

ስለ ክረምት ዝግጅት እንድናገር ታዝዣለሁ፤ ነገር ግን ወንዞቻችን ርብና ጉማራ ሲሞሉ ወዴት እንደሚሸሽ ለዚህ ሕዝብ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል።

የእኛ ጎርፍ ከራሳችን ሰማይ አይመጣም። ጉና ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ፣ እዚህ ኮከብ እየታየ፣ ሌሊት ደጃፋችን ይደርሳል። በነሐሴ 1998 ውሻው ሲያላዝን ነቅተን እግራችንን ከመደቡ ስናወርድ ውኃው ቁርጭምጭሚታችንን ያዘን። እናቴን በቃሬዛ ተሸክመን፣ ጥጆቹን በገመድ አያይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጣን፤ ጎታውን ግን ማን ይሸከመዋል? ከቀናት በኋላ በታንኳ ስንመለስ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራው ጎታ ከሥሩ ርሶ፣ በውስጡ የነበረው ሩዝ አብጦ ሰንጥቆታል፤ ከስንጥቁ የፈሰሰውም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ባለቤቴ አንድ እፍኝ አንሥታ አሸተተችና «ለከብትም አይሆን» ብላ ጣለችው።

እርዳታ አልመጣም አልልም። ስንዴ መጥቷል፣ ሸራ መጥቷል፣ ፎቶ አንሺም አልቀረም። እኔ የምጠይቀው ስለ ጥር ወር ነው። ከጉና ተዳፋት የሚወርደው አፈር ሜዳችን ላይ ሲደርስ የውኃው ጉልበት ስለሚደክም ደለሉ በወንዙ ሆድ ይቀራል፤ የወንዙ ወለል ከፍ ባለ ቁጥርም በግራና በቀኝ የከመርነው አፈር ውኃውን መያዝ ያቅተዋል። ርብ ላይ ግድብ ከተሠራ በኋላ እንኳ በ2012 ክረምት ተጥለቅልቀናል። ታዲያ በጥርና በየካቲት ወንዙ ቀጥኖ ለአካፋ ሲመች ዝም ተብሎ፣ ማሽኑ በሰኔ መጥቶ ጭቃ ውስጥ የሚሰምጠው ለምንድን ነው? ማመልከቻችን በአንድ መሥሪያ ቤት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ክረምት አልፎበታል። ስንዴ ለመስፈር የሚቸኩል እጅ ደለል ለማውጣት ለምን ይዝላል? እኛ የተረጂ ዘር አይደለንም! ውኃው ሲተኛ ሩዝ የምናበቅል፣ ሲሸሽ በእርጥበቱ ጓያና ሽምብራ የምንዘራ ገበሬዎች ነን።

እርግጥ ነው፣ ላይኛው አገር እርከኑን ካላጠበቀ የእኛ ቁፋሮ ብቻውን አይበቃም፤ እሱም ይታሰብበት።

በራፋችን የደረሰውን ክረምት እንደ ልማዳችን በታንኳና በጸሎት እንወጣዋለን። ለከርሞ ግን ቁፋሮው ከጥምቀት ማግሥት እንዲጀመር፣ ኃላፊነቱን የሚወስደውም ሰው ስሙ ዛሬ፣ ሳንበተን፣ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ።