ላንጋኖ ዳር የቤተሰብ ፎቶ፦ ሳንጨናነቅ እንዴት እንነሳ?

(ምስል፦ አሥራ አንድ ሰው በአንድ መስመር ተሰልፏል። ግማሹ ዓይኑን ጨፍኗል።)

ይህን ፎቶ ታውቁታላችሁ፤ በየቤታችን አንድ አይጠፋም። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና የተነሳ ነው። አባት ተኮሳትሯል። የትንሿ ልጅ እንባ ገና አልደረቀም። ለዚህ ነው እንግዲህ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የተነዳው።

(ምስል፦ የላንጋኖ ካርታ፤ ቀስት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ።)

ከብርሃኑ እንጀምር። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚያርፈው በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ነው፤ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ። እዚያ ቆማችሁ ውሃውን ስታዩ ፊታችሁ ወደ ምሥራቅ ነው። ማዶ የአርሲ ተራሮች አሉ። ስለዚህ ፀሐይ የምትወጣው በሐይቁ በኩል ነው። የምትጠልቀው ግን ከጀርባችሁ፣ በየብሱ በኩል ነው። ውሃ ላይ የምትጠልቅ ፀሐይ አስባችሁ ከሆነ እዚህ አታገኟትም።

ይህ ግን ለእናንተ ይጠቅማል። ወደ ማታ ቤተሰቡ ጀርባውን ለሐይቁ ሲሰጥ፣ የደከመችው ፀሐይ ፊት ላይ ታርፋለች። ማንም ዓይኑን አያጨናብስም።

ሰዓቱስ? ፀሐይ እንደ ወሩ ከምሽቱ 12:00 እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። ዳገት ወይም ዛፍ ካለ ቀድሞ ይጋርዳታል። ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ በእኛ አገር ቶሎ ይመሻል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰው ለብሶ፣ በልቶ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ይጠብቅ። በደረሳችሁበት ቀን ግን አትሞክሩት። ልጆቹ መኪና ውስጥ ተጨቃጭቀው ነው የመጡት። አንድ ሌሊት ይደሩ።

(ምስል፦ ቡናማ ውሃ፤ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴቶች።)

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ቡኒ ወይም ካኪ ለብሳችሁ ከቆማችሁ ከሐይቁ ጋር ትመሳሰላላችሁ። ነጭ የአገር ልብስ ያምራል፤ ግን አንድ ጣጣ አለው። ሁሉም ሰው ነጭ ሲለብስ ካሜራው "ብርሃን በዛ" ብሎ ያስብና ምስሉን ያጨልመዋል። ልብሱ ያምራል፣ ፊታችን ይጠቁራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩ ላይ የአንዱን ሰው ፊት ነካ አድርጉ፤ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ። እኔ ብሆን ግን ነጩን ለአያትና ለእናት ትቼ፣ ሌላውን ሰማያዊና ቢጫ አለብሰው ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ሲለብስማ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይመስላል።

(ምስል፦ አያት በወንበር፤ ልጆች ዙሪያቸውን።)

አሁን ሰዎቹ። በቅድሚያ እማማን አስቀምጡ። ወንበሩን ጠንከር ያለ አሸዋ ላይ አድርጉት፤ የላላው ላይ እግሩ ይሰምጣል። ሌላው ሰው ራሱ ይከባቸዋል፤ "አንተ ወዲህ፣ አንቺ ወዲያ" ማለት አያስፈልግም። ደግሞ እማማን "ይሳቁ" ብላችሁ አታስቸግሯቸው። በእሳቸው ጊዜ ፎቶ ቤት የተገባው እጅ ጭን ላይ ተደርጎ፣ ትንፋሽ ተይዞ ነው። ቀጥ ብለው ይቀመጡ። አንዱ የልጅ ልጅ ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር ሹክ ይበላቸው፤ ያኔ አከታትላችሁ አንሱ።

ልጆችን ግን ቁሙ አትበሏቸው። "እስከዚያች ግራር ሩጡና ተመለሱ" በሏቸው። ሲመለሱ እያለከለኩ እናታቸው ላይ ይወድቃሉ። የምትፈልጉት ፎቶ ያ ነው።

ሁልጊዜ የምታነሳዋ እህት አልበም ውስጥ የለችም። ስልኩን ወንበር ላይ ደገፍ አድርጉትና ሰዓት ቆጣሪውን በአሥር ሴኮንድ ሙሉት፤ እሷም ትግባ።

(ምስል፦ ጣት የስልክ ሌንስ ሲጠርግ።)

አዎ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ምሳ ላይ አሳ ጥብስ የበላ ጣት ነክቶታል።