የመጽሐፉ ነው እንጂ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ዛሬ ስለ ቀይ ባሕር አላወራም ብዬ ነበር። አዎ፣ ሳቁ። «ይሄ ሰው ሽንኩርት ሲልጥም አዱሊስ ይደርሳል» ብላችሁ የጻፋችሁልኝን አንብቤያለሁ፤ አዱሊስ ያው የጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ ነው። ምን ላድርግ፣ የመሪጌታ መልስ አልለቀቀኝም።

ነገሩ የመጣው ከመሪጌታ የብራና ዳዊት ነው። መሪጌታ ከማኅደሩ አውጥተው አትሮንሱ ላይ አኖሩት። ገበታውን፣ የእንጨት ሽፋኑን፣ ገለጥ ሲያደርጉ፣ በውስጥ በኩል፣ ቆዳው በአራቱም ጠርዝ ታጥፎ መሃሉ ላይ በተረፈው ቦታ፣ ጨርቅ ተለጥፏል። ትንንሽ ቀይ አበባ ያለው፣ ዳር ዳሩ የወየበ፣ አንዱን ጥግ ብል የበላው። በጎንደር ዘመን ብራናዎች ገበታ ውስጥ የህንድ ጨርቅ ይገኛል፤ ይሄም ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። «አባታችን፣ ይሄ ጨርቅ ከየት መጣ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «የመጽሐፉ ነው እንጂ ልጄ፣ ከየት ይመጣል?» አሉና ወደ መዝሙሩ ገለጡ።

«ከህንድ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ለምን? ጨዋነት ነው እንዳልል፣ እኔ መቼ አስችሎኝ ያውቃል! ደግሞ ሲመልሱልኝ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ጥያቄው ገብቷቸው ይሆን? ወይስ ፈገግታውን እኔው ነኝ የጨመርኩት… እንጃ።

ብቻ ሁላችንም እንደሳቸው ነን። ስለ አባ ሰላማ፣ ስለ ፍሬምናጦስ ማለት ነው፣ ስናወራ ወንጌል ገባ እንላለን እንጂ በማን መርከብ እንደገባ አናነሳም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ ጽፎታል፤ መርከቧ ውኃና ስንቅ ልትይዝ ወደብ ጠጋ ብትል ተሳፋሪዎቹ ተገደሉ፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ልጆች ስለነበሩ ተረፉ፣ ቤተ መንግሥት ገቡ። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፍሬምናጦስ ሥልጣን ሲያገኝ ፈልጎ ያሰባሰበው ለንግድ የመጡ ሮማውያን ክርስቲያኖችን ነው፤ የጸሎት ቦታ ሥሩ አላቸው። ነጋዴ እኮ ነው! የዝሆን ጥርስ ሊጭን የመጣ ሰው! ከዚያ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና የድሮውን እምነት ምልክት፣ ጨረቃዋን፣ አውርዶ መስቀሉን ሳንቲም ላይ አወጣው፤ ያውም ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ነገር ላይ። በ615 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞችም የተሻገሩት የቁረይሽ ነጋዴዎች የሚያውቁትን ባሕር ነው። ጳጳስስ? ከግብፅ ሲመጣልን ኖሮ የራሳችንን ፓትርያርክ ያየነው በ1951 ዓ.ም. አይደል። እምነትን ሸቀጥ አደረገው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አላደረግኩትም… አላደረግኩትም መሰለኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር እስከዚህ ድረስ። ችግሩ ትናንት ማታ የመጣብኝ ነው። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ አዱሊስ ላይ የሚገበያየውን ሲዘረዝር፣ የዝሆን ጥርስ ይላል፣ የአውራሪስ ቀንድ ይላል፣ የጉማሬ ቆዳ ይላል፣ እዚያው መሃል ባሪያ ይላል። እንደ ቆዳው፣ እንደ ቀንዱ። ዘመኑ እየሄደ እሱም አልቀረም። ማሊክ አምባርን አስቡት። ከዚህ ምድር ባሪያ ሆኖ ወጣ፣ በአረብ አገር፣ በባግዳድ አለፈ፣ በመንገድ ላይ ስሙም ሃይማኖቱም ተለወጠ፣ የህንድ ደካን ደርሶ የአሕመድናጋርን መንግሥት ያዘ፣ በ1626 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እዚያው ህንድ ሞተ። ሁላችንም የምንወደው ትልቅ ታሪክ ነው፣ «የኛ ሰው ህንድን ገዛ» እያልን። አብረውት ተሸጠው ስማቸው ያልተጻፈውንስ?

እና እኔ ጨርቁ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩ። በምን ተገዛ አላልኩም። በወርቅ ይሆናል። በዝባድ ይሆናል፤ ዝባድ በብዛት ይወጣ ነበር። ደግሞ ክንድ እንኳን የማትሞላ ቁራጭ ናት፣ ለሷ ሲባል ማንም አልተሸጠም፣ እንደዛ አይሰላም መቼስ። ሂሳቡ በአንድ ቁራጭ አይደለም የሚሠራው፣ ግን በስንት ነው የሚሠራው ታዲያ፣ በአንድ ጣቃ ነው፣ በአንድ መርከብ ነው፣ ወይስ…