ለገሃር፦ ባቡሩ ቀድሞት የደረሰ ቤት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የምድር ባቡር አባቶችና እናቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

«ለገሃር» ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ስም ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። አፋችን ገርቶት የሰፈር ስም ሆነ። ዛሬ የታክሲ ረዳት ሲጠራው የውጭ ቃል መሆኑ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ይህን ሳያዩ አልፈዋል። ይህ የጣቢያ ሕንፃ ደግሞ ከዚያም በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1922 ዓ.ም. በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ተመረቀ።

በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ቆመ። የጣሊያን ጦር ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በሮም ሰይፉን የመዘዘው ይህን አንበሳ ተማርኮ ቢያይ ጊዜ እንደሆነ እየተነገረን አድገናል። አንበሳው አገሩ ገብቷል። እኔ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ሳልል አልሄድም።

አባቴ በዚህ መስመር ቲኬት ቆራጭ ነበር። ከጉዞ ሲመለስ እኛ ልጆቹ ወደ ኮቱ ኪስ እንሮጣለን፤ ከስፌቱ ሥር የምስር ፍሬ የሚያካክሉ የካርቶን ብናኞች እንለቅማለን። ከቲኬቶቹ ተበስተው የወደቁ ናቸው። እያንዳንዱ ብናኝ አንድ ሰው ነው፤ ለንግድ የሄደ፣ ለለቅሶ የተጠራ፣ ሙሽራ ሊያመጣ የተሳፈረ። ያንን የ784 ኪሎ ሜትር መንገድ እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን በጣታችን ዳብሰነዋል።

ዛሬ አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። መልካም ነው። ይህ ሕንፃ ግን ግድግዳው ብቻ ታድሶ እንዲቀር አልፈልግም። በየቤቱ የተቀመጠው ፋኖስ፣ ፊሽካ፣ መለዮ፣ የደመወዝ ወረቀት እዚህ ይሰብሰብ። ሃዲድ ያነጠፉ፣ ፉርጎ የጠገኑ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ይቀረጽ። አደራ የምላችሁ ይህንን ነው።

ይህ በእጄ የያዝኩት የአባቴ የቲኬት መብሻ ነው። እጀታው በአውራ ጣቱ ልክ ተበልቷል። በቲኬት መሸጫው መስኮት ውስጥ እንዲቀመጥልኝ ዛሬ አስረክባለሁ።